ልጓሙም ከብድሩ ይቆጠር

(ለጠቅላላ ጉባኤያችን የቀረበ ንግግር)



ደሴ ዳገት ናት፤ ኮምቦልቻ ግን ሜዳ ስለሆነች ጋሪ ያዋጣል ብለን ለፈረስና ለጋሪ መግዣ አበድረናል። ሂሳብ ስንዘጋ ክፍያ የዘገየባቸውን አባሎች ቤታቸው ድረስ ሄደን ጠየቅን። ፈረሱ ሥራ አቁሟል፤ አፉ ቆስሎ ድርቆሽ ማኘክ አቅቶታል። ልጓሙ በያጅ ቤት ከፌሮ የታጠፈ፣ ጫፉ ያልተሞረደ፣ የዛገ ነው።

ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። ለፈረሱ፣ ለጋሪው፣ ለጎማው ስናሰላ ለልጓም ምንም አልያዝንም።

ልጓም ስንገዛ መጀመሪያ በጣታችን እንዳብሰው፤ የሚቧጭር ከሆነ ይቅርብን። የፈረሱን አፍ ከከንፈር ጥግ እስከ ጥግ በገመድ ለክተን እንሂድ፤ ብረቱ በግራም በቀኝም ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ። ከጠበበ ከንፈር ይቆነጥጣል፤ ከሰፋ ወዲያ ወዲህ እያለ ይልጣል። የሚያርፈው በፊት ጥርስና በመንጋጋ መካከል፣ ጥርስ በሌለው ድድ ላይ ስለሆነ በጣም ቀጭን ብረት ይጎዳዋል። ማታ ሲወልቅ ይታጠብ። ከደሴ ዙሪያ በፈረስ ለገበያ የምትመጡም በጠዋቱ ብርድ ብረቱን በእጃችሁ አሙቁት። ፈረሱ ራሱን ከወዘወዘ ወይም ምራቁ ደም ከቀላቀለ ያን ቀን ይረፍ፤ ለእንስሳት ሐኪምም ይታይ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን፦ ከእንግዲህ የልጓም ዋጋ በብድሩ ውስጥ ይካተት፤ ፈረሳቸው ለቆሰለባቸው እህቶችም እስኪድን ክፍያው ይራዘምላቸው። የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ።