የአንቴና ማማና ጎረቤቶቹ



አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የቴሌኮሙን ገበያ ለተወዳዳሪ ከከፈተ ወዲህ፣ የማማ ቦታ ጠያቂው አንድ ድርጅት ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቤትና የእንሰት ጓሮ በተጠጋጉባቸው በሆሳዕናና በዱራሜ ግን ከመኖሪያ የራቀ ባዶ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

ነዋሪው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጨረሩ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የታደሰው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለ900 ሜጋኸርዝ የወሰነው ጣሪያ በካሬ ሜትር 4.5 ዋት ነው፤ ይኸውም በመሣሪያ ተለክቶ ሊታይ የሚችል ነገር ነው። አንቴናው ኃይሉን በአመዛኙ ወደ አድማስ ስለሚልክ፣ ከሥሩ ያለው ቤት ከሁሉ የበለጠ ጨረር ያገኘዋል ማለት አይደለም። ማማው በራቀ ቁጥርም በጆሯችን ላይ ያለው ስልክ ኃይሉን ይጨምራል።

በበኩሌ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመሠረቱ አፈር፣ የመብረቅ መከላከያውና ሌሊት የሚያጓራው ጄኔሬተር ነው። 40 ሜትር ማማ ቢወድቅ በ40 ሜትር ዙሪያ የማን ጣሪያ አለ? ይህ ክብ በፕላኑ ላይ ተነድፎ፣ መሬቱ ከመሰጠቱ በፊት፣ ለጎረቤቶቹ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ሊብራራላቸው ይገባል።