የመናፈሻው ወንበር

እሷ፦ በዊንዶውስ ኮምፒውተራችሁ ቪኤልሲን ወይም ቴሌግራምን ስትከፍቱ የምታዩት ገጽ የተሠራው ኪውት በተባለ የፕሮግራም ገጽ መሥሪያ መሣሪያ ነው። ታሪኩን ንገራቸው እስቲ።

እሱ፦ ቦታው ትሮንድሃይም፣ ኖርዌይ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1990። ሆቫርድ ኑርድና አይሪክ ቻምቤ-ኤንግ ለአልትራሳውንድ ምስሎች የመረጃ ቋት እየሠሩ ነው። ፕሮግራሙ በማክም፣ በዩኒክስም፣ በዊንዶውስም መሥራት አለበት።

እሷ፦ ለሦስቱም ለየብቻ መጻፍ ደግሞ አድካሚ ነው።

እሱ፦ በጣም እንጂ! በበጋ አንድ ቀን ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተው መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የአንድ የጋራ መሣሪያ ሐሳብ እዚያ ተወለደ። እኔን ግን ይበልጥ የሚማርከኝ አይሪክ በ1992 ያመነጨው «ሲግናልና ስሎት» የተባለው ዘዴ ነው። ለምሳሌ በገጹ ላይ ያለ ቁልፍ ሲነካ «ተነክቻለሁ» ብሎ ምልክት ይለቃል፤ ማን እንደሚሰማው አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም። ፕሮግራመሩ ፋይል የሚያስቀምጠውን ክፍል ከምልክቱ ጋር ያገናኘዋል። ነገ ሌላ አድማጭ ቢጨምር የቁልፉን ኮድ አይነካም።

እሷ፦ ልክ እንደዚህ ማይክራፎን! እኛ እንናገራለን፤ ማን ሬዲዮኑን እንደከፈተ አናውቅም።

እሱ፦ በትክክል! ይህን ሐሳብ ሌሎች ማዕቀፎችም ወርሰውታል።

እሷ፦ ስሙስ?

እሱ፦ «ኪው» የተባለችው የላቲን ፊደል የተመረጠችው በሆቫርድ ስክሪን ላይ ቅርጿ ስላማረ ነው።

እሷ፦ ኪውት እስኪወጣ ድረስ በምን ኖሩ?

እሱ፦ ሚስቶቻቸው ሥራ ነበራቸው፤ ቤቱን በደመወዛቸው ያቆሙት እነሱ ናቸው። ኪውት ለሕዝብ የወጣው ግንቦት ወር 1995 ላይ ነው።

እሷ፦ የሚስቶቹም ስም ከመሥራቾቹ ጎን ቢነሳ ደስ ይለኛል።