የቀድሞው ምስል በአዲሱ ቴሌቪዥን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ደንበኛ መጥቶ «የሠርጌ ካሴት ተበላሽቷል፤ በአዲሱ ቴሌቪዥን ሳየው የሰዉ ፊት ሁሉ ሰም ይመስላል» ሲለን፣ አብዛኞቻችን ጥፋቱን በካሴቱ ላይ እናሳብባለን። እኔ ግን ካሴቱ ከመኰነኑ በፊት ቴሌቪዥኑ ይመርመር እላለሁ። በካሴት ላይ የተሰጠ ፍርድ ይግባኝ የለውምና፤ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ሲጥለው፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ወላጆቹ መልክና ድምፅ አብሮ ይጣላል።

እንደሚታወቀው፣ በአገራችን የሠራንበት የፓል ሥርዓት 625 መስመሮች ሲኖሩት፣ ምስል የሚሸከሙት 576 ናቸው። ምስሉ ወደ ዲጂታል ሲለወጥ በአግድም 720፣ በቁመት 576፣ በጠቅላላው 414,720 ነጥቦች ይሆናል። «ፎር ኬ» የምንለው የዛሬው ገጽ ግን 8,294,400 ነጥቦች አሉት፤ ልክ 20 እጥፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ የቀድሞው ምስል ገጹን ሁሉ እንዲሞላ ከተደረገ፣ ከ20 ነጥብ 19ኙን ቴሌቪዥኑ በግምት ይሞላዋል። ይህን ግምት ማስቀረት አይቻልም፤ በግምቱ ላይ የሚደረበውን ጌጥ ግን ማስቀረት ይቻላል።

«ሻርፕነስ» የሚባለው ማስተካከያ በምስሉ ውስጥ የሌለውን ዝርዝር አይፈጥርም፤ በነገሮች ጠርዝ ላይ ብርሃናማ ክር ያበጅና ዐይንን ያታልላል። ስለዚህ ክሩ እስኪጠፋ ድረስ ዝቅ ይደረግ። ለሱቅ ማሳያ የተሠራው «ቪቪድ» ቀርቶ «ሲኒማ» ወይም «ፊልም» የተባለው ይመረጥ። ያ ሰም የመሰለ ፊት ብዙውን ጊዜ የ«ኖይዝ ሪዳክሽን» ሥራ ነው፤ የካሴቱን ብናኝ ከሰው ቆዳ መለየት ሲያቅተው ሁለቱንም ይጠርጋል።

የ4 በ3 ምስል በ16 በ9 ገጽ ላይ ሲለጠጥ ሰው ሁሉ በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል። ደንበኛው «ለገጹ ሁሉ ከፍያለሁ» ብሎ ግራና ቀኙ ጥቁር መሆኑን ቢጠላ አይፈረድበትም፤ ሙሽራዋ ግን ታመሰግነናለች። ለዚህ ዓይነቱ ምስል የሚስማማው የመቀመጫ ርቀት የምስሉ ቁመት 6 እጥፍ ያህል በመሆኑ፣ በ55 ኢንች ቴሌቪዥን ፊት ወደ 4 ሜትር መራቅ ያሻል።

ከሁሉ የሚከብደው ካሴቱን ወደ ዲጂታል የመገልበጡ ሥራ ነው። የቴሌቪዥኑን ማስተካከያ ነገ መልሰን ልንለውጠው እንችላለን፤ በግልበጣ ላይ የጠፋው ግን አይመለስም። በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ የፓል ምስል በሰከንድ 50 ግማሽ ምስሎች አሉት፤ አንዱ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ቀጣዩ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን ይይዛል፤ እያንዳንዱም ካለፈው በሰከንድ 1/50ኛ የዘገየ የራሱ ቅጽበት ነው። አንዳንድ ርካሽ መገልበጫዎች ከሁለቱ አንዱን ጥለው 288 መስመር ብቻ ያስቀራሉ፤ የእስክስታውም እንቅስቃሴ ይቆራረጣል። ሌሎች ሁለቱን ቅጽበቶች በአንድ ላይ ይለጥፉና በሚወዛወዘው ትከሻ ጠርዝ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ ነገር ያወጣሉ።

ስለዚህ ዋናው ቅጂ 50ውን ግማሽ ምስሎች እንዳሉ ይዞ ይቀመጥ፤ ለደንበኛው ማሳያ የሚሆነው ደግሞ ከዚያ ተለውጦ በሰከንድ 50 ሙሉ ምስል ይሠራለት። ካሴቱም ለባለቤቱ ይመለስ እንጂ በሱቃችን ጥግ አይጣል፤ ወደፊት ከዛሬው የተሻለ መገልበጫ ሲገኝ መነሻ የሚሆነው እርሱ ነው።