ወሬ ከወዴት ይመጣል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



የተፈቀደልኝ ጊዜ አጭር ስለ ሆነ በቀጥታ ወደ ነገሬ እገባለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ «ፈተናው ወደ ሰኞ ተዛውሯል» የሚል መልእክት በቴሌግራም ላከልኝ። እኔም ከማን እንደ ሰማው ሳልጠይቅ ለክፍላችን ልጆች ሁሉ አስተላለፍሁት። ወሬው ሐሰት ነበር። ፈተናው በቀኑ፣ ዓርብ ጧት ሲሰጥ አንዲት የክፍላችን ተማሪ እኔን አምና ከቤቷ ቀረች። መምህራችን ራርተው ለብቻዋ ስለ ፈተኗት ዓመቷ አልተበላሸም፤ ፊቷ ግን ለብዙ ቀን አልተፈታልኝም። ወሬ ከወዴት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚነበብ ማሰብ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

አያቶቻችን ወሬን የሚያገኙት ከገበያ፣ ከለቅሶ ቤትና ከነጋሪት ነበር። ነጋሪት ሲጎሰም አዋጁ የማን እንደ ሆነ የማያውቅ አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር ሲባል ዛሬ ያስቀን ይሆናል፤ ነገር ግን ያን ወረቀት የያዘ ሰው ከማን እጅ እንደ ወጣ ያውቅ ነበር። «አዲስ ዘመን» በ1933 ዓ.ም. ተመሠረተ። ኋላም በአራት ኪሎ ጋዜጣ ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው ተከራይቶ፣ እዚያው ተቀምጦ አንብቦ ይመልስ ነበር። (አባቴ እንደ ነገሩኝ፣ ተከራዩ በመጀመሪያ የሚገልጠው የሥራ ማስታወቂያውን ነው።)

ዛሬ ግን ወሬው ራሱ እየፈለገ ያገኘናል። ከመካከላችን የአንድ ጋዜጣን ድረ ገጽ በስሙ ፈልጎ የሚከፍት ስንት ነው? አብዛኞቻችን የምናነበው በፌስቡክና በቴሌግራም ሲያልፍ ያየነውን ነው። «ቲክቫህ ኢትዮጵያ» የተባለው የቴሌግራም ገጽ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተከታታዮች አሉት። በፌስቡክ ላይ ደግሞ የትኛው ወሬ ቀድሞ እንዲታየን የሚመርጠው የጋዜጣ አዘጋጅ ሳይሆን የኮምፒዩተር ስሌት ነው። ስሌቱም ብዙ ሰው የተከራከረበትን ወደ ፊት ያመጣል እንጂ እውነት መሆኑን አይመረምርም።

ስለ ኢንተርኔት ጽሑፍ ከተነሣ ዘንድ የቃሊቲ ስም መነሣቱ አይቀርም። ብሎግን «ጦማር» የምንለው ቃሉን ከግዕዝ ወስደን ነው፤ ደብዳቤ ማለት ነው። በ2004 ዓ.ም. ጥቂት ወጣቶች «ዞን ዘጠኝ» የተባለ ጦማር ጀመሩ። በዚያን ጊዜ የቃሊቲ እስር ቤት በስምንት ዞኖች የተከፈለ ነበርና፣ እነርሱ ከአጥሩ ውጭ ያለውን አገር ዘጠነኛው ዞን አሉት። መሪ ቃላቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል ነበር። ጦማሩ ብዙ ሳይቆይ በአገር ውስጥ እንዳይከፈት ተደረገ። አንባቢው ግን አልተበተነም፤ ጽሑፉን በፌስቡክ እየተቀባበለ፣ እገዳውን የሚያልፍበትን መንገድ እየፈለገ ያነብ ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ፤ በፀረ ሽብርተኝነት ሕግም ተከሰሱ። ከእነርሱም ማሕሌት ፋንታሁንና ኤዶም ካሣዬ የታሰሩት የጦማሩ ስም በተወሰደበት በዚያው በቃሊቲ ነበር። አምስቱ በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ክሳቸው ተቋርጦ ተለቀቁ፤ የቀሩትንም ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. 264 ድረ ገጾችና ጦማሮች እንደ ተከፈቱ መንግሥት አስታወቀ። መዘጋት ግን በዚያ አላበቃም፤ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ገጹ ተዘግቶ ሳለ ያን ያህል ደክሞ ያነብ የነበረ ሕዝብ፣ ሲከፈትለት ርእሱን ብቻ አይቶ ያልፋል። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነኝ።

እንግዲያስ ምንም አንመን ወይ? ይህም አያዋጣም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ በኢንተርኔት ወጣ ሲባል ነገሩ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ፈተናውም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ስለዚህ መመርመር ነው ያለው። ጸሐፊው ስሙን ጽፏል ወይ? ቀኑስ የመቼ ነው? ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጠን ፎቶግራፍ የሌላ አገር ወይም የቆየ ሆኖ ይገኛል፤ ፎቶግራፉን በስልካችን መልሶ መፈለግ ደግሞ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እንደ «ኢትዮጵያ ቼክ» ያሉም ሐሰቱን ከእውነቱ እየለዩ በአማርኛ ይጽፋሉ።

ያቺን ልጅ ይቅርታ ስጠይቃት «ለመሆኑ አንተስ ከማን ሰማህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝምና ወሬውን ወደ ኋላ ተከተልሁት። ከአንዱ ወደ ሌላው እየጠየቅሁ አራተኛው ልጅ ዘንድ ደረስሁ። እርሱም ስልኩን አውጥቶ የጻፈውን አሳየኝ፤ «ፈተናው ወደ ሰኞ ተዛውሯል?» ይላል። ልጁ ጠይቆ ኖሯል። በመንገድ የጠፋው የጥያቄ ምልክቱ ብቻ ነው።