ጉራማይሌ ነን
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ወር በገባ ቁጥር ስለ መዋጮና ስለ ብድር አመላለስ የምንጨቀጭቃችሁ የሒሳብ ክፍሎች ዛሬ ስለ ዘፈን እናውራ ስንል እንዳትስቁብን። ነገሩ ከማኅበራችን ሥራ የራቀ አይደለም።

የምንናገረው ስለ እጅጋየሁ ሽባባው፣ ሁላችንም ጂጂ ስለምንላት ድምፃዊትና የዘፈን ደራሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውንና በራሷ ስም የተጠራውን አልበም መዋጮ ስንቆጥርና ደረሰኝ ስናመሳክር እንከፍተዋለን። ሦስት ነን፤ አንዳችን ከጎጃም የመጣን፣ አንዳችን አኙዋክ፣ አንዳችን ኑዌር። በአማርኛ አፏን የፈታችው አንዷ ብቻ ናት። ታዲያ ይህ አልበም ሦስታችንንም እንዴት ያዘን?

አንደኛው ምክንያት ውሃ ነው። በአልበሙ ውስጥ «ዓባይ» የሚል ዘፈን አለ። ጂጂ ያደገችው ቻግኒ ነው፤ ዓባይ የአገሯ ወንዝ ነው። እኛ ደጅ ደግሞ ባሮ አለ። ባሮ ወደ ምዕራብ ወርዶ ከፒቦር ሲቀላቀል ሶባት ይባላል፤ ሶባት ነጭ ዓባይ ይገባል፤ ነጭ ዓባይና የጎጃሙ ዓባይ ካርቱም ላይ ይገናኛሉ። ድሮ ባሮ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከዚህ ከጋምቤላ ቡና ጭኖ እስከ ካርቱም ይወርድ ነበር። ስለዚህ ያ ዘፈን ሲከፈት ማናችንም እንግዳ አይደለንም።

ሁለተኛው «ጉራማይሌ» የተባለው ዘፈን ነው። እናቶቻችን እንደሚያውቁት፣ ጉራማይሌ ድድ አንዱ ጠቁሮ አንዱ ሳይጠቁር፣ እየተፈራረቀ የሚነቀስ ጌጥ ነው። ውበቱ ከመፈራረቁ ነው። ከተማችን ሰዓት እላፊ በታወጀባት ሰሞን ጎረቤት ከጎረቤት ሲፈራራ አይተናል። ሦስታችንም ከየቤታችን መውጣት አልቻልንም። በስልክ ምን እንደምንባባል ስንቸገር አንዳችን ይህንኑ ዘፈን ላክን፤ ሌሎቻችንም መልሰን ላክን። ሰዓት እላፊው ሲነሣ ገንዘቡን ለመቁጠር ስንገናኝ መተያየት አልከበደንም።

ሦስተኛው ምክንያት ለዛሬው ሐሳባችን መነሻ ነው። ጂጂ ልጅ ሳለች ከካህን ዜማ መማሯን ተናግራለች። ኬንያ ኖራ አሜሪካ ስትሻገር ያንን ዜማ አልጣለችውም። አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ነው፤ እነ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተርን የመሳሰሉ የጃዝ ታላላቆች ተጫውተውበታል። እነዚያ ሁሉ አንዲት የቻግኒ ልጅ ከቤቷ ይዛው የወጣችውን ዜማ አጀቡ። ዜማው ስለተቀዳ ዛሬ ጋምቤላ ተቀምጠን እንሰማዋለን።

እኛስ? ባለፈው ክረምት ያረፉት እናታችን በቡና ሰዓት በአኙዋክኛ ሲያንጎራጉሩ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከገቡበት ቀን ጀምሮ ያዋጧት እያንዳንዷ ብር በመዝገባችን አለች። የልጅ ልጃቸው መጥታ «የአያቴ ድምፅ አላችሁ?» ስትለን ግን የምንሰጣት አጣን።

«ዘፈን እንጀራ አይሆንም» የምትሉ አላችሁ፤ እውነት ነው። እኛም ከቁጠባው ብር ይነካ አንልም። የምንጠይቀው ከየስብሰባው ዐሥር ደቂቃ ነው። ፈቃደኛ የሆነች አንዲት እናት በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛ፣ በመዠንግርኛ፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ እሹሩሩም ሆነ የሠርግ ዘፈን ታዚምልን። በስልካችን እንቀዳለን፤ የሚሞሪ ካርዷን ዋጋ ሦስታችን ከኪሳችን እንከፍላለን። ቅጂው ከደረሰኙ ጋር በሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ባለቤቷ ካልፈቀደችም አይወጣም።

በሚቀጥለው ስብሰባ የምትጀምር እናት ካለች ዛሬ ከመበተናችን በፊት ስሟን ታስመዝግብ። መዝገቡ እኛ ጋ ነው።