ከሰልፉ በስተጀርባ ያለው ዱላ



ዊልያም ፎስተር ከ1946 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. የመራው የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ማርሽ ባንድ በ1989 የፈረንሳይ አብዮት 200ኛ ዓመት ሲከበር በፓሪስ ጎዳና የተሰለፈ፣ ዝናው የገነነ ነበር። ይሁን እንጂ በኖቬምበር 2011 አንድ የ26 ዓመት የባንዱ ሰልፍ መሪ፣ በኦርላንዶ ከተማ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊት ወደ ኋላ በባልደረቦቹ መካከል እየተደበደበ እንዲያልፍ ተደርጎ በዚያው ምሽት ሞተ። በዱላው ውስጥ ያላለፈ ክብር አያገኝም የሚል ልማድ ነበርና፤ ድርጊቱን ከ2005 ጀምሮ በከባድ ወንጀልነት የሚቀጣ ሕግ ቢኖርም፣ ምስጢሩን የሚጠብቀው ተደብዳቢው ራሱ ሆነ። ባንዱ እስከ 2013 ታገደ። እንግዲህ የሙዚቃ ኃላፊ ሰልፉን ብቻ ሳይሆን፣ ሰልፉ ሲበተን አዲሱ አባል በማን እጅ እንደሚወድቅም ሊመለከት ይገባዋል።