የጃንደረባው መልስ፤ አንድ ምንባብና ልዩ ልዩ ትርጓሜው



የመምህርን ሥራ እንደ ግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 አጉልቶ የሚያሳይ ምንባብ ጥቂት ነው። የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ሹም የነበረው ጃንደረባ በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ቢጠይቀው፣ ያለ አስረጅ ማስተዋል እንዴት ይቻላል ሲል መለሰለት። ፊልጶስም ተረጐመለት፤ ከውሃ በደረሱ ጊዜም አጠመቀው።

ታሪኩን ክርስቲያኖች ሁሉ ይቀበሉታል፤ የሚያወጡበት ትምህርት ግን አንድ አይደለም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መልሱን፣ መጽሐፍ ያለ መምህር እንደማይበቃ ማስረጃ አድርገው ይወስዱታል። በትርጓሜ ቤት ደቀ መዝሙር ንባቡን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ አንዱን ፍቺ ከሰማ በኋላ «አንድም» እየተባለ ሌላው ይጨመርለታል። ካቶሊካውያንም ትርጓሜው በቤተ ክርስቲያን ሥልጣን እንዲጠበቅ ያስተምራሉ። በ16ኛው መቶ ዓመት የተነሡት የተሐድሶ ሰዎችና ተከታዮቻቸው ግን ሰውዬው መጽሐፉን ራሱ ገልጦ ማንበቡን፣ ፊልጶስም ከዚያው መጽሐፍ መጀመሩን ያጐላሉ። ስለዚህ መጽሐፍ በመጽሐፍ ይተረጐም፤ ለእያንዳንዱም በቋንቋው ይድረሰው ይላሉ። ሆኖም መምህርን አይንቁም፤ እነዚያም ንባብን አይከለክሉም። በ1840 እ.ኤ.አ. ተጠቃሎ የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጐመው አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ሲሆን፣ ያሳተመው የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነበር።

ሁለተኛው ልዩነት ስለ ጥምቀት ነው። ባፕቲስቶችና የሚመስሏቸው፣ ጃንደረባው አምኖ መጠመቁን አይተው እምነት ጥምቀትን ይቀድማል ይላሉ። ኦርቶዶክሶች፣ ካቶሊኮችና ሉተራውያን ደግሞ፣ ይህ ከውጭ የመጣ ጐልማሳ ነው፤ በምዕራፍ 16 የወኅኒው ጠባቂ ከነቤተ ሰቡ ተጠምቋል ብለው ሕፃናትን ያጠምቃሉ፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። እዚህ ላይ መምህር ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የጃንደረባው የእምነት ቃል የሚገኝበት ቍጥር 37 እጅግ ጥንታውያን በሆኑት የግሪክ ጽሑፎች ውስጥ የለም። ይህ ብቻውን ክርክሩን አይፈታም፤ ሁለቱም ወገኖች ሌላ ጥቅስ አላቸውና።

ሦስተኛው፣ ኢትዮጵያዊን ሁሉ የሚነካው፣ የሀገሩ ጉዳይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጃንደረባው ክርስትናን በ4ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን አስቀድሞ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ግሪኮች ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ምድር ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉ እንደ ነበር፣ ህንደኬ የሚለውም የአንዲት ሴት ስም ሳይሆን የኩሽ ንግሥታት ማዕርግ እንደ ሆነ ያስረዳሉ። የእነዚያ ንግሥታት ከተማ መርዌ ናት። በካርቱም ከሪያድ ሠፈር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ፒራሚዶቿን ያያል። የኑብያ መንግሥታት ክርስትናን የተቀበሉት በ6ኛው መቶ ዓመት ነው፤ የአልዋ መንግሥት ዋና ከተማ የነበረችው የሶባ ፍራሽም በዚያው በካርቱም አጠገብ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር ይገኛል።

እንግዲህ መምህሩ ምን ያድርግ? አንዱን ሸሽጎ ሌላውን ብቻ ቢነግር፣ ተማሪው ነገ የተሸሸገውን በመጽሐፍ ሲያገኘው መምህሩንም ትውፊቱንም በአንድነት ይጠራጠራል። ትውፊቱን ትውፊት፣ የታሪክን ምርምር ምርምር ብሎ በየስሙ ቢያስረዳው ግን ሁለቱንም አክብሮ ማመዛዘን ይማራል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዝዛል። ይህ መምህሩን ከስብከት ይከለክለዋል እንጂ ከማወቅ አይከለክለውም። በታሪክና በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ጥያቄው መነሣቱ አይቀርም፤ በአንድ ወንበር ላይም የልዩ ልዩ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ይቀመጣሉ። መለኪያው አንድ ነው፤ የሌላውን ትርጓሜ ባለቤቱ ቢሰማው «አዎን፣ የእኛ ትምህርት ይህ ነው» እስኪል ድረስ በትክክል ማቅረብ። ይህን የሚያደርግ መምህር የራሱን ሃይማኖት አይጥልም፤ የተማሪውንም አይደፍርም። ፊልጶስም ቢሆን ወደ ሠረገላው ሲጠጋ አስቀድሞ ያቀረበው ጥያቄ ነበር።